የገንዘቡ ዱካ፦ የስፖርት ውርርድን ከየት እንቆጣጠረው?

መግቢያ

ቦርደዴ በምዕራብ ሐረርጌ ዞን፣ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋች ትንሽ ከተማ ናት። ወደ ጭሮና ወደ ድሬዳዋ የሚጓዘው መኪና በመካከሏ ያልፋል፤ በዙሪያዋ ካለው ቆላ የሚመጡ አርብቶ አደሮችና ከፊል አርሶ አደሮችም ከብታቸውን፣ ፍየላቸውንና ግመላቸውን ይዘው ለገበያ ይወጣሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወደ ከተማዋ ያቀናው የፍየል ግብይትን ለሚመለከት ጥናት መረጃ ለማሰባሰብ እንጂ ስለ ቁማር ለመጠየቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ በአንድ የገበያ ቀን ማግስት የታዘበው ጉዳይ ይህን አስተያየት እንዲጽፍ ግድ ብሎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሌላ ከተማ የሚኖር አንድ ነጋዴ ለዓመታት አብሮት ለሠራ ወጣት ደላላ የ12 ፍየሎች መግዣ ገንዘብ በስልክ ይልክለታል። ውል አልተጻፈም፤ ምስክር አልቆመም፤ በዚያ ገበያ እንዲህ ያለው ገንዘብ የሚተላለፈው በአደራ ነው። ወጣቱ በገበያው ዋዜማ ምሽት በስልኩ በስፖርት ውርርድ ጥቂት ብር አጣ። ያጣውን ለመመለስ በሌላ ጨዋታ አስያዘ፤ እሱንም አጣ። ሌሊቱ ሳይነጋ የፍየሎቹ ዋጋ በሙሉ አልቆ ነበር። ሽማግሌዎች ከግራር ጥላ ሥር ሲቀመጡ ወጣቱ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «አባቶቼ፣ ያበላሸብኝ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው።» ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዲህ ሲሉ መለሱለት፦ «ልጄ፣ ፍየል ብትጠፋ ዱካዋን ተከትለን ከገባችበት እናገኛታለን። የዚህ ገንዘብ ዱካው ወዴት ነው?» ዕዳውን አባቱ ሁለት ላም ሸጠው ከፈሉ።

ይህ ጽሑፍ ለሽማግሌው ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚደረግ ሙከራ ነው። የጸሐፊው እምነት በአጭሩ ሲገለጽ እንደሚከተለው ነው። በስልክ የሚካሄደው ውርርድ ከዚህ በፊት ከነበረ ከማንኛውም ቁማር ይልቅ ግልጽ ዱካ አለው፤ እያንዳንዷ ብር ከማን ወደ ማን፣ በስንት ሰዓት እንደሄደች ተመዝግባ ትገኛለች። ስለዚህ ቁጥጥሩ መቆም ያለበት በውርርድ ቤት ደጃፍ ላይ ሳይሆን ገንዘቡ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው።

ከደጃፍ ወደ ኪስ

ቁማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ካርታና ከረምቡላ በከተሞቻችን ከአንድ ትውልድ በላይ ኖረዋል። መንግሥትም ራሱ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊ ሎተሪ አማካይነት ዕጣ ሲሸጥ ቆይቷል፤ የእንቁጣጣሽ ሎተሪ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የበዓል ወግ እስከ መሆን ደርሷል። እነዚህ የጨዋታ ዓይነቶች ግን ከራሳቸው ባሕርይ የመነጩ ሦስት ገደቦች ነበሯቸው። የመጀመሪያው ቦታ ነው፤ ቁማርተኛው ወደሚጫወትበት ቤት መሄድ ስለሚኖርበት ሲገባም ሲወጣም ጎረቤት ያየዋል። ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ የሎተሪ ዕጣ የሚወጣው በተቆረጠ ቀን ነው። ሦስተኛው በኪስ ያለው ገንዘብ ነው፤ ኪሱ የተራቆተ ሰው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መቀጠል ቢፈልግ መበደር፣ ለመበደርም አበዳሪውን ፊት ለፊት ማነጋገር አለበት።

የስፖርት ውርርድ እነዚህን ገደቦች አንድ በአንድ አፈረሰ። መጀመሪያ የተስፋፋው በውርርድ ቤቶች በኩል ነበር፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በወጣቱ ዘንድ ያለው ፍቅር ለገበያው የተዘጋጀ መሬት ሆኖለታል። የጉዳቱ ምልክቶች ሲበዙም መልሱ የታሰበው ከቤቶቹ አንጻር ነበር። «ከ21 ዓመት በታች የተከለከለ» የሚል ጽሑፍ በየደጃፉ ተለጠፈ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን የማሸግ እርምጃ ወሰደ። እርምጃው ከቅንነት የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ጨዋታው ደጃፍ የማያሻው እየሆነ የመጣበት ዘመን ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። የስልክ ገንዘብ ለገበሬውም ለነጋዴውም ትልቅ ጥቅም እንዳመጣ የቦርደዴ ገበያ ራሱ ምስክር ነው፤ ቀድሞ ጥሬ ገንዘብ ታጥቆ በሌሊት ይጓዝ የነበረ የከብት ነጋዴ ዛሬ በደኅና ይነግዳል። ነገር ግን በዚያው ስልክ ውስጥ የፍየል መግዣና የውርርድ መጫወቻ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት የአንድ የምሥጢር ቁጥር ያህል ብቻ ሆነ።

እንደ ቦርደዴ ላለች ከተማ ይህ ለውጥ ልዩ ትርጉም አለው። በትንሽ የመንገድ ከተማ የሚታሸግ የውርርድ ቤት ጥቂት ነው። ውርርዱ ግን በበርጫ ሰዓት፣ በምርቃና መካከል፣ ሹፌርና ረዳት አረፍ ባሉበት ምግብ ቤት፣ ፍየል ጠባቂው በተቀመጠበት ጥላ ሥር ይካሄዳል። ጫት ቁማርን ወለደ ማለት አይደለም፤ ረጅም የመቀመጫ ሰዓት፣ የደራ ወግና ገንዘብ ያለበት ስልክ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ግን ለውርርድ የተመቸ ሁኔታ ይፈጠራል። በዚህ ላይ የጨዋታው ፍጥነት ተጨምሯል። የእግር ኳስ ግጥሚያ ውጤቱ የሚታወቀው ከ90 ደቂቃ በኋላ ነው፤ እንደ አቪዬተር ያሉት የስልክ ጨዋታዎች ግን በሰከንዶች ውስጥ ተጀምረው ያልቃሉ። ቀድሞ አንድ ሰው በዓመት ውስጥ ያስያዝ ከነበረው የበለጠ ጊዜ ዛሬ በአንድ ሌሊት ሊያስይዝ ይችላል።

የሒሳቡ ጉዳይ

ወጣቱ «አንድ ጨዋታ ብቻ» ሲል አልዋሸ ይሆናል። ወጥመዱ ያለውም እዚያው ላይ ነው። ይህን ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል።

ለምሳሌ ያህል አንድ አወራራጅ ድርጅት ለአንድ ግጥሚያ የባለሜዳው ማሸነፍ 2.50፣ አቻ 3.20፣ የእንግዳው ማሸነፍ 2.70 የሚል ማባዣ፣ በተለምዶ ኦድ የሚባለውን፣ አቀረበ እንበል። ከእያንዳንዱ ማባዣ በስተጀርባ ያለውን ዕድል ለማወቅ 1ን ለማባዣው ማካፈል ነው። ውጤቱ በቅደም ተከተል 40 በመቶ፣ 31.25 በመቶና 37.04 በመቶ ይሆናል፤ ድምሩም 108.29 በመቶ ነው። ከሦስቱ ውጤቶች አንዱ ብቻ ስለሚሆን እውነተኛው ድምር ከ100 ሊያልፍ አይችልም። ከ100 በላይ የሆነው 8.29 አወራራጁ ለራሱ ያስቀመጠው ህዳግ ነው። ህዳጉ በሦስቱም ውጤቶች ላይ በተመጣጣኝ ሁኔታ ከተከፋፈለ፣ ከተያዘው እያንዳንዱ 100 ብር ወደ ተወራራጁ በአማካይ የሚመለሰው 92 ብር ያህል ነው።

ይህ ለብቻው ሲታይ የሚያስደነግጥ አይደለም። ይሁን እንጂ ወጣቱ በአንድ ግጥሚያ ላይ አይወራረድም፤ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ለማግኘት ዐሥርና ከዚያ በላይ ግጥሚያ በአንድ ትኬት ላይ ይደረድራል። ማባዣው በተባዛ ቁጥር የአወራራጁ ህዳግም አብሮ ይባዛል። ከላይ በተያዘው ምሳሌ መሠረት የአምስት ግጥሚያ ትኬት ከ100 ብር በአማካይ 67 ብር ይመልሳል፤ የዐሥር ግጥሚያ ትኬት 45 ብር ብቻ ይመልሳል። ስለ እግር ኳስ ያለ ዕውቀት ይህን ልዩነት ለመሸፈን የሚበቃው እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

ሁለተኛው ስሌት ከዚህም በላይ ያስተምራል። አንድ ተወራራጅ እያንዳንዱን ግጥሚያ በትክክል የመገመት ዕድሉ 60 በመቶ ነው እንበል። ዐሥሩንም ግጥሚያዎች የመምታት ዕድሉ ከ1,000 ውስጥ 6 ያህል ነው። ዘጠኙን መትቶ አንዱን ብቻ የመሳት ዕድሉ ግን ከ1,000 ውስጥ 40 ያህል ነው። ይህም ማለት አንድ ጊዜ እስኪያሸንፍ ድረስ በአማካይ ሰባት ጊዜ ያህል «አንድ ጨዋታ ብቻ አበላሸብኝ» ይላል ማለት ነው። ለጥቂት መሳት የመጫወት ፍላጎትን እንደሚያነሣሣ የሥነ ልቦና ጥናቶች አሳይተዋል፤ ተጫዋቹ ኪሳራውን የሚቆጥረው እንደ ኪሳራ ሳይሆን ድሉ እንደ ተቃረበ ምልክት ነው። ረጅሙ ትኬት እንግዲህ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ተስፋንም በገፍ የሚያመርት መሣሪያ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ በቁማር ያሸነፈውን «በላ»፣ የተሸነፈውን «ተበላ» ይለዋል። አነጋገሩ የነገሩን ባሕርይ በሚገባ ይገልጻል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ከዚህ ጉዳይ የራቀ አይደለም፤ በቦርደዴ የታየው ልዩነት በሰማይ ላለችው ላም ሲባል በምድር ያሉት ሁለቱ መሸጣቸው ነው።

የተበላው የማን ገንዘብ ነው?

ስለ ቁማር ጉዳት ሲነገር ዘወትር የሚጠቀሰው ቁማርተኛው ነው። ተገቢም ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የቁማር ሕመምን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምድብ አስቀምጦታል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባም የቁማር ሕመምን በሱስ አምጪ ባሕርያት ሥር መዝግቦታል። ስለሆነም በቁማር የተያዘን ሰው «ባለጌ» ወይም «ሰነፍ» ብሎ ማለፍ ከዘመኑ ዕውቀት ጋር አይስማማም።

ይሁንና የቦርደዴው ሁኔታ ሌላ ነገርም ያሳያል። የተበላው የወጣቱ ገንዘብ አልነበረም፤ አደራ ነበር። በሐረርጌ የከብት፣ የጫትና የቡና ንግድ ውስጥ እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ያለ ጽሑፍ ነው። ነጋዴው ለደላላው፣ ደላላው ለአቅራቢው፣ አባት ለልጁ፣ ባለመኪና ለሹፌሩ ገንዘብ ይሰጣል፤ ዋስትናው ስም ነው። አካባቢው «አማና» የሚለው ይህ መተማመን ለድሃ ወጣት ትልቁ ሀብት ነው፤ ካፒታል ሳይኖረው እንዲነግድ የሚያስችለው እርሱ ብቻ ነውና። አንድ አደራ ሲበላ የሚጎዳው አንድ ሰው አይደለም። ያ ነጋዴ ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ደላሎችም አስቀድሞ ገንዘብ መላክ አቁሟል፤ ራሱ ካልመጣ አይገዛም። ምንም ያላጠፉ ወጣቶች የሌላውን ውርርድ ዋጋ እየከፈሉ ነው።

መንግሥት ከዚህ ሒደት የሚያገኘው ምንድን ነው? የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ በዕድል ጨዋታ ከተገኘ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ፣ ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ነጻ አድርጓል። ከዚህ ድንጋጌ ሁለት ትምህርት መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ ሕጉ የሚያየው ያሸነፈውን ነው፤ የተበላው በሕጉ ዓይን የለም። ሁለተኛ፣ ግብሩ የሚሰበሰበው ክፍያው ሲፈጸም ከምንጩ ተቀንሶ ነው። ገንዘቡ ሲወጣ ማስቆምና መቁረጥ የሚቻል ከሆነ ሲገባም ማስቆምና መወሰን ይቻላል።

በዱካው ላይ መቆም

ከዚህ በመነሣት አምስት እርምጃዎች ቢወሰዱ ለውጥ ያመጣሉ ብሎ ጸሐፊው ያምናል።

አንደኛ፣ የወር ገደብ። ማንኛውም ሰው ወደ ሁሉም አወራራጆች በድምሩ በአንድ ወር ውስጥ ሊያስገባው የሚችለው ገንዘብ ጣሪያ ይኑረው። ገደቡ በየድርጅቱ ከሆነ ተወራራጁ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል፤ በስልክ ገንዘብ ሒሳቡ ላይ ከሆነ ግን መዞሪያ ያጣል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ አንድን ሰው በብዙ ሲም ካርዶች መካከል ለመለየት ያስችላል። ገደቡን ዝቅ ማድረግ ወዲያውኑ፣ ከፍ ማድረግ ግን ከሳምንታት ጥበቃ በኋላ እንዲሆን ይደረግ።

ሁለተኛ፣ የሌሊት እረፍት። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ወደ ውርርድ ሒሳብ ገንዘብ ማስገባት አይፈቀድ። የቦርደዴው ወጣት ገንዘቡን ያጣው አንድ ጊዜ በወሰነው ውሳኔ አይደለም፤ የጠፋውን ሲያሳድድ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ በማስገባት ነው። ንጋት ቢደርስለት ገበያው ይደርስ ነበር።

ሦስተኛ፣ በብድር መወራረድ ይከልከል። እንደ ቴሌብር መላና እንደኪሴ ያሉ የስልክ ብድሮች ለችግር ቀን የታሰቡ ናቸው፤ የተበደሩት ገንዘብ ወደ ውርርድ ሒሳብ በቀጥታ እንዳያልፍ በሥርዓቱ ላይ መዝጋት ይገባል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በክሬዲት ካርድ ቁማር መጫወትን ከልክላለች።

አራተኛ፣ ራስን ማገድ። ተወራራጁ ልቡ ሲመለስ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ በሚሠራ አጭር የስልክ ቁጥር ራሱን ከሁሉም አወራራጆች ለስድስት ወር ወይም ለዓመት ማገድ የሚችልበት መንገድ ይከፈት። ቁማርተኛ የሚጸጸትበት ሰዓት አጭር ነው፤ በዚያ ሰዓት ደብዳቤ ጻፍ፣ ቢሮ ቅረብ ሊባል አይገባም።

አምስተኛ፣ ሻጩና ዳኛው ይለያዩ። በአገራችን የዕድል ጨዋታ ፈቃድ የመስጠትና ሎተሪ የመሸጥ ሥራ በአንድ ተቋም ሥር ተጣምሮ ኖሯል። ገቢው በጨዋታው መስፋፋት የሚለካ ተቋም ጨዋታውን እንዲያጠብ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው አካል ከሽያጭ የተለየ፣ የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችን ያካተተ ሊሆን ይገባል።

በክፍያ መንገድ ላይ መቆም ኃይል እንዳለው ጎረቤታችን ኬንያ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 የኬንያ የውርርድ ቁጥጥርና ፈቃድ ቦርድ ፈቃዳቸው ያልታደሰ 27 ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸውን የስልክ ክፍያ ቁጥሮች ሳፋሪኮም እንዲዘጋ አዘዘ፤ ከታላላቆቹ አንዳንዶቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራቸውን አቆሙ። እርምጃው የተወሰደው በዋናነት በግብር ክርክር ምክንያት ስለ ነበር ክርክሩ ሲበርድ ውርርዱ ተመልሷል። ትምህርቱ ሁለት ገጽ አለው፤ መዝጊያው እውነተኛ ነው፣ ግን ለገቢ ሳይሆን ለሰው ጥበቃ ካልዋለ ዘላቂ አይሆንም። ኖርዌይ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2007 የቁማር ማሽኖችን ከየቦታው አንሥታ፣ በኋላ በግል ካርድ ብቻ በሚሠሩና የኪሳራ ገደብ ባላቸው ማሽኖች ተክታለች። ልዩነቱ ያለው ጨዋታው መኖር አለመኖሩ ላይ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው ገደብ መኖሩ ላይ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ አቋም ላይ ቢያንስ አራት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ «አዋቂ ሰው በገንዘቡ ቢጫወት መንግሥት ምን አገባው?» የሚል ነው። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም፤ ገደብ ከክልከላ የሚሻለውም ለዚህ ነው። በወር ጥቂት ብር ለመዝናናት የሚወራረድ ሰው ገደቡ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ገደቡ የሚነካው የሚጫወትበት ገንዘብ የራሱ መሆኑ አጠራጣሪ የሆነበትን ሰው ነው።

ሁለተኛው በተቃራኒው ወገን ያለው ነው፦ «ኃጢአት ነው፤ ሐራም ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ።» በእስልምና ቁማር ከአስካሪ መጠጥ ጋር አብሮ የተከለከለ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የክርስትና አባቶችም ያወግዙታል። ጸሐፊው ይህን የሞራል ድምፅ ያከብራል፤ ያስፈልጋልም። ሆኖም በስልክ ውስጥ ያለን ጨዋታ በአዋጅ ብቻ ማጥፋት ገንዘቡን ዱካ ወደሌለው መንገድ፣ ወደ ውጭ አገር ድረ ገጾችና ወደ ድብቅ አወራራጆች ሊገፋው ይችላል። ያኔ የሽማግሌው ጥያቄ በእርግጥ መልስ ያጣል።

ሦስተኛው፣ «ሰው በእናቱ ወይም በጓደኛው ስልክ ይጫወታል» የሚለው ነው። አዎን፣ የሚያደርጉት ይኖራሉ። ነገር ግን የእናትን ስልክ ለመጠየቅ እናትን ማነጋገር ያስፈልጋል። ቀደም ሲል የጠቀስነው አሮጌው ገደብ፣ ፊት ለፊት መናገር፣ በዚህ መንገድ ይመለሳል።

አራተኛው የግል መረጃን ይመለከታል። የተወራራጆች መዝገብ በክፉ እጅ ቢገባ መሸማቀቂያ ወይም ማስፈራሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መሠረት መጠበቅ፣ ለአሠሪም ሆነ ለአበዳሪ መከልከል፣ ድምሩን ከመቁጠር ያለፈ ተግባር እንዳይኖረው መደረግ አለበት።

የሽማግሌዎች፣ የዕቁብና የአፎሻ ድርሻ

ሕግ እስኪሻሻል ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። በቦርደዴ የታየው ዕርቅ ብዙ መልካም ነገር ነበረው፤ ክስ አልተመሠረተም፣ ቂም አልተያዘም፣ ነጋዴው ገንዘቡን አገኘ። ጉድለቱ ዕዳው ሲከፈል ጉዳዩ እንደ ተዘጋ መቆጠሩ ነው። ወጣቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ በውርርድ ተያዘ። ሕመሙ እዚያው እያለ ዕዳን ብቻ መክፈል ለሚቀጥለው ውርርድ ቦታ ማመቻቸት ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች ዕዳ ሲያስከፍሉ አብረው የሚያስፈርሙት ሁለተኛ ቃል ቢኖር ይጠቅማል፦ ለተወሰነ ጊዜ የንግዱ ገንዘብ በእናቱ፣ በሚስቱ ወይም በታላቅ ወንድሙ ስልክ እንዲገባ፤ ሌላ የተደበቀ ዕዳ ካለ በዚያው ሸንጎ እንዲገለጽ፤ በየወሩ አንድ ሽማግሌ እንዲጠይቀው። ይህ ቅጣት ሳይሆን ጥበቃ መሆኑ ለወጣቱም ለጎረቤትም ሊነገር ይገባል።

ሌላው ሀብታችን ዕቁብ ነው። ዕቁብና ሎተሪ ሁለቱም ዕጣ ያወጣሉ፤ ሁለቱም የጉጉት ልብ ትርታ አላቸው። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው ማን እንደሚበላ ሳይሆን መቼ እንደሚበላ ነው፤ የሚበላውም የራሱን ነው። ወጣቱ በአንድ ጊዜ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ማግኘት መፈለጉ ጥፋት አይደለም፤ ሁለት ፍየል ገዝቶ ለመጀመር፣ ባጃጅ ለመያዝ፣ ለማግባት የሚሆን ገንዘብ በቀን ሥራ አይጠራቀምለትም። ረጅሙ ትኬት የሚማርከው ይህ ፍላጎት ስላለ ነው። በሐረርጌ ለሐዘንና ለችግር የሚደርሰው አፎሻ ወጣቶችን ወደ ራሱ ቢያስጠጋ፣ ዕቁብም ለደላሎች፣ ለረዳቶችና ለጫኝና አውራጆች እንደ አቅማቸው በየሳምንቱ ቢደራጅ ያንኑ ጉጉት ወደ ሀብት መለወጥ ይቻላል።

ለተመራማሪዎች የቀረበ ጥሪ

የዚህ መጽሔት አንባብያን ተመራማሪዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስለሆኑ አንድ የዘዴ ነጥብ ማንሣት ተገቢ ነው። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የቁማር ችግር መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2001 በካናዳ የተዘጋጀው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ ነው። ያለፉትን 12 ወራት ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ከባድ ችግር ያለበት ተብሎ ይመደባል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ለቁማር ሲባል መበደርን ወይም ንብረት መሸጥን ይመለከታል። የቦርደዴው ወጣት ለዚህ ጥያቄ «የለም» ብሎ በሐቅ ሊመልስ ይችል ነበር፤ አልተበደረም፣ የሸጠውም ነገር የለም፤ የሸጡት አባቱ ናቸው። የእርሱ ጥፋት አደራ መብላት ነው። እንግዲህ መጠይቁ ቃል በቃል ቢተረጎም በእኛ አገር እጅግ የከበደውን ጉዳት ሳያይ ያልፋል።

ስለሆነም ሦስት ሥራዎች ይጠበቃሉ። መለኪያውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ስናዘጋጅ አደራንና የቤተሰብን ዕዳ ከፋይነት ማካተት አንዱ ነው። ሁለተኛው «ቁማር ትጫወታለህን?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ትኬት ትቆርጣለህን?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ብዙ ወጣት ውርርድን ከቁማር ስለማይቆጥር የመጀመሪያው ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ያስገኛል። ሦስተኛው ከተጫዋቹ ባሻገር እናቶችን፣ ሚስቶችንና ነጋዴዎችን መጠየቅ ነው። በጭሮ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለእነዚህ ከተሞች ቅርብ ናቸው፤ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ጉዳይ በአንድ የገበያ ቀን ይገኛል።

ማጠቃለያ

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የውርርድ ቤት ማሸግ ዓይን የሚያየውን ያስወግዳል፤ ገንዘቡ ግን ሌላ መንገድ ካገኘ ቆይቷል። ያ መንገድ ደግሞ ሥውር አይደለም፤ የሚያስተዳድሩት ሕጋዊ ተቋማት ናቸው፤ ሰዓቱም መጠኑም ተመዝግቧል። ለገደብ፣ ለሌሊት እረፍት፣ ብድርን ለመከልከልና ራስን ለማገድ የሚያስፈልገው አዲስ ቴክኖሎጂ ሳይሆን ውሳኔ ነው።

ለሽማግሌው ጥያቄ የሚሰጠው መልስም ይኸው ነው፦ ዱካው አለ። የጠፋችውን ፍየል ዱካ የሚያውቁ ሰዎች የጠፋውን ገንዘብ ዱካ ማንበብ ባይችሉ አይወቀሱም። ማንበብ የሚችሉት ተቋማት ግን እስከ ዛሬ ያነበቡት ግብር ለመቁረጥ ነው። ከአሁን በኋላ አደራ ለማስጠበቅም ሊያነቡት ይገባል።